የቆቅ አደን ሰደርያ ባዶውን ለክታችሁ አትግዙ

ፈቃድ አውጥታችሁ ቆቅና ጅግራ ልታድኑ ካሰባችሁ፣ ሰደርያውን ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሊትር ውሃና ጥቂት ድንጋይ ክተቱበትና ልበሱት። ከዚያ እንደሚያነጣጥር ሰው ክንዳችሁን አንሱ። ትከሻው ላይ የሚጨማደድ ከሆነ ተዉት፤ የጠመንጃው ሰደፍ ይያዝበታል። ክብደቱ ወገብ ላይ ማረፍ አለበት። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ የተመለሰ ሰው ይህን ያውቃል፤ ትከሻ ላይ የተንጠለጠለ ሸክም ዳገቱ ላይ ነፍስ ያወጣል። ለጮቄ ተራራ ብርድ ከሆነ ደግሞ በጃኬት ላይ ለኩት።

የታደነው ወፍ የሚከተትበት የኋላው ኪስ ደም የማያሳልፍና በቀላሉ የሚታጠብ ይሁን። ግን ቆላ ላይ ከታፈነ ሥጋው ቶሎ ይበላሻል። ጎኑ ወንፊት የሆነ ይሻላል።

ቀለሙ? ደማቅ ብርቱካናማ። ማሽላው መሃል ጓደኛም እረኛም ሊኖር ይችላል።

አንድ ነገር ግን አደራ! የ12 ቁጥርና የ20 ቁጥር ጥይት (ቁጥሩ የበርሜሉን ስፋት ያሳያል፤ ሲበዛ ይጠባል) በአንድ ሰደርያ አትያዙ። የ20ው ቀጭን ስለሆነ በ12ቱ በርሜል ውስጥ ገብቶ ይሰነቀራል። ሳታዩት ከኋላው ሌላ አጉርሳችሁ ከተኮሳችሁ በርሜሉ እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።