ስፒንድሉ ሲነሳ «አላርም 1» እያለ የሚቆም ሲኤንሲ

ትንሿ 3018 ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ) ማሽኔ ላይ ሊሚት ስዊች (ማሽኗ የጉዞዋ ጫፍ ስትደርስ የሚነካ ማብሪያ) ከገጠምኩ ወዲህ፣ ስፒንድሉ (መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ሞተር) በተነሳ ቁጥር ጂአርቢኤል (ማሽኗን የሚመራው የቦርዱ ሶፍትዌር) «አላርም 1»፣ ማለትም «ሊሚት ስዊች ተነካ» ብሎ ቀጥ ይላል። ስዊቹን የነካው ነገር የለም። ስፒንድሉን አጥፍቼ በባዶ ሳስኬዳት ግን አንድም ጊዜ አልቆመችም።

የዩኤስቢ ኬብል ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። የጂአርቢኤልን $26 ቅንብር (የስዊቹ ንዝረት እስኪረጋ የሚጠብቅበት ሚሊሰከንድ) ከ250 ወደ 500 አሳደግኩ። ይሄ ሁለት ቀን በላብኝ፤ ለካ የሚሠራው ሆሚንግ (ማሽኗ መነሻ ቦታዋን ስትፈልግ) ላይ ብቻ ነው! $21=0 ማድረግ (ስዊቹ ሲነካ መቆምን መዝጋት) አላርሙን ያጠፋዋል፣ ግን ታዲያ ስዊቹ ለምን ተገጠመ?

በኋላ ሽቦዎቹን አየሁ። የስዊቹና የስፒንድሉ ሽቦ አብረው ታስረዋል፤ የሞተሩ ብሩሽ የሚረጨው ረብሻ በዚያ ይገባል። ለያየኋቸው፤ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

የጨረሰው ይሄ ነው፦ ከእያንዳንዱ ሊሚት ፒን ወደ 5 ቮልት 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ከፒኑ ወደ ግራውንድ ደግሞ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ሁለቱንም ቦርዱ ላይ አስጠግቼ በካውያ በየድኩ። የቺፑ የውስጥ ፑልአፕ (ፒኑን ወደ 5 ቮልት የሚስበው ሬዚስተር) ለረጅም ሽቦ ደካማ ነው። ሽቦውንም ከስዊቹ ኤንኦ (ሳይነካ ክፍት የሆነ) እግር ወደ ኤንሲ (ሳይነካ የተዘጋ) አዛውሬ፣ የስዊቹን ምልክት የሚገለብጠውን ቅንብር $5=1 አደረግኩ። $5ን ከረሳችሁ ቦርዱ ስዊቹ ሁሌ የተነካ ይመስለዋል።

ትናንት የሦስት ሰዓት ሥራ ሳትቆም ጨረሰች።