ፖስትግሬስ ብቻ የሚያውቀውን ቴብል በኤስኪውኤል አልኬሚ እንዴት መፍጠር እንደሚቻል

ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ትልቅ ቴብል በወር በወር መከፋፈል (ፓርቲሽን ማድረግ) ከ10ኛው ቨርዥን፣ ማለትም ከፈረንጆቹ 2017 ወዲህ ቀሏል። ወላጁ ቴብል «ፓርቲሽን ባይ» ተብሎ ይፈጠራል። የየወሩ ልጅ ደግሞ ኮለም ሳይዘረዝር ወላጁን ይጠራል፦

ክሪኤት ቴብል ክፍያ_2025_01 ፓርቲሽን ኦፍ ክፍያ ፎር ቫሊዩስ ፍሮም ('2025-01-01') ቱ ('2025-02-01')

ከፓይተን ኮድ የዳታቤዝ ትእዛዝ የሚጽፍልን ላይብረሪ፣ ኤስኪውኤል አልኬሚ፣ የወላጁን አጻጻፍ ያውቃል። የልጁን ግን እኛ ነን የምናስተምረው።

1. መጀመሪያ የግድ መሆኑን አረጋግጡ። «ክሪኤት» እና «ቴብል» በሚሉት ቃላት መሃል እንደ «አንሎግድ» ያለ ቃል ማስገባት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ቴብሉ «ፕሪፊክስስ» የሚባል አማራጭ አለው፤ እሱ ይበቃል። ማይኤስኪውኤል ላይ ከሆናችሁም በዳታቤዙ ስምና በአንደርስኮር የሚጀምር የቴብል አማራጭ ሁሉ እንዳለ ያልፋል። የፖስትግሬስ ዲያሌክት (አልኬሚ ለየዳታቤዙ ያለው የአጻጻፍ ክፍል) ግን ጥብቅ ነው፤ የማያውቀውን ስም አይቀበልም።

2. አዲሱን አማራጭ አስመዝግቡ። የቴብል ክላስ «አርጊዩመንት ፎር» የሚባል ሜተድ አለው። የዲያሌክቱን ስም፣ የአማራጩን ስም («ፓርቲሽን ኦፍ») እና መነሻ ዋጋውን («ነን») ስጡት። ለመነሻውና ለመጨረሻው ቀንም እንዲሁ አድርጉ።

ይህን ደረጃ እንዳትዘሉት አደራ። እኔ ዘልዬው ነበር። የወላጁን ስም «ኢንፎ» በሚባለው የቴብሉ ማስታወሻ ውስጥ አስቀመጥኩ። ላፕቶፔ ላይ ሠራ። ሰርቨሩ ላይ ግን የማይግሬሽን (የዳታቤዝ ለውጥ ማስፈጸሚያ) ፋይሉ ኤክስቴንሽኔን፣ ማለትም የልጁን አጻጻፍ የሚያወጣውን ኮዴን፣ ኢምፖርት አላደረገም ነበር። አልኬሚ ምንም ሳይል ተራ ቴብል ፈጠረ። ስሙም ኮለሞቹም ልክ ናቸው፤ ከወላጁ ጋር ግን አይተዋወቅም። ወሩ ሊገባ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን ወላጁ «ለዚህ ረድፍ የሚሆን ፓርቲሽን የለኝም» እያለ ክፍያዎችን መመለስ ጀመረ። የደረስኩበት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። አማራጩን አስመዝግቤው ቢሆን ኖሮ፣ ኢምፖርቱ ሲቀር አልኬሚ «ይህን ስም አላውቀውም» ብሎ እዚያው በቆመ ነበር።

3. አጻጻፉን የሚያወጣውን ፈንክሽን ጻፉ። ሥራው ያለው እዚህ ነው። «ኮምፓይልስ» የሚባለውን ዲኮሬተር ለ«ክሪኤት ቴብል» ክላስ፣ ለፖስትግሬስ ብቻ ብላችሁ በፈንክሽናችሁ ላይ አድርጉ። ከዚህ በኋላ በፖስትግሬስ የሚፈጠር ቴብል ሁሉ በእናንተ እጅ ያልፋል፤ የተጠቃሚዎች ቴብልም፣ የትእዛዞች ቴብልም፣ ሁሉም። ስለዚህ የፈንክሽኑ የመጀመሪያ ጥያቄ «ይህ ቴብል የኔ ነው ወይ?» መሆን አለበት። «ፓርቲሽን ኦፍ» ባዶ ከሆነ ለባለቤቱ፣ ለአልኬሚ፣ መልሱት።

የሚመለሰው ደግሞ ፈንክሽናችሁ በሚቀበለው ኮምፓይለር (አጻጻፉን በሚያወጣው የአልኬሚ ክፍል) «ቪዚት ክሪኤት ቴብል» ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ «ፕሮሰስ» የሚለውን ይጠራል፤ የለመድነው እሱን ስለሆነ። «ፕሮሰስ» ግን ተመልሶ የእናንተኑ ፈንክሽን ይጠራል፣ እሱም መልሶ «ፕሮሰስን»፤ ፓይተን በሪከርዥን ስህተት እስኪያቆመው ድረስ ይዞራል።

ቴብሉ የእናንተ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩን ራሳችሁ ገጣጥሙ። የቴብል ስም በቀጥታ አትለጥፉ፤ በኮምፓይለሩ ፕሪፔረር «ፎርማት ቴብል» አሳልፉት። ስኪማውንም ጥቅሱንም እሱ ያስተካክላል። ቀኖቹ በጽሑፉ ውስጥ በቀጥታ ስለሚገቡ ከኮዳችሁ ብቻ ይምጡ፣ ከተጠቃሚ አትቀበሉ። የመጨረሻው ቀን ራሱ አይካተትም፤ ለጥር «31» ሳይሆን የካቲት 1 ነው የሚጻፈው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው።

4. ቅደም ተከተሉን አስይዙ። ቴብሎችን በአንዴ የሚፈጥረው «ክሪኤት ኦል» የሚደረድራቸው በፎሪን ኪ (አንዱ ቴብል ሌላውን በሚጠቅስበት ኮለም) ነው። ልጁ ወደ ወላጁ ፎሪን ኪ የለውም፤ ስለዚህ ወላጁ ሳይኖር ልጁ ሊፈጠር ይችላል። ልጁ ላይ «አድ ኢዝ ዲፔንደንት ኦን» ብላችሁ ወላጁን ስጡት። ብዙዎች ለዚህ ብለው የየራሳቸውን ሉፕ ይጽፋሉ፤ አያስፈልግም።

ወላጁ ላይ ፕራይመሪ ኪ (የረድፍ መለያ) ካለ የመከፋፈያው ኮለም ውስጡ መኖር አለበት። ኢንዴክስም ወላጁ ላይ ብቻ አድርጉ፣ ከ11ኛው ቨርዥን ወዲህ ወደ ልጆቹ ራሱ ይወርዳል።

5. ዳታቤዝ ሳትነኩ ሞክሩት። የ«ክሪኤት ቴብል» ኦብጀክቱን በፖስትግሬስ ዲያሌክት ኮምፓይል አድርጋችሁ ፕሪንት አድርጉ። አንድ ልጅ ቴብልና አንድ ተራ ቴብል ይበቃል። ተራው እንደ ድሮው ካልወጣ 3ኛው ደረጃ ላይ ያለው ጥያቄ ተሳስቷል።

6. ማስመዝገቢያውንና ፈንክሽኑን አንድ ፋይል ውስጥ አድርጉ፤ የአሌምቢክ (የአልኬሚ የማይግሬሽን መሣሪያ) ኢንቫይሮመንት ፋይልም ኢምፖርት ያድርገው። ሰርቨሩ ላይ ካወጣችሁት በኋላ የፖስትግሬስን ኮማንድ ላይን፣ ፒኤስኪውኤልን፣ ከፍታችሁ በ«ባክስላሽ ዲ ፕላስ» ወላጁን እዩ። ልጆቹ ከታች ከነድንበራቸው ተዘርዝረው ካላያችኋቸው ወሩ ሳይገባ ወደ ኢምፖርቱ ተመለሱ።