ከወሎ የሚነሣ መንገደኛ ኡንድረዳልን እንዴት ይጎብኝ? የአንዲት የኖርዌይ ፊዮርድ ዳር መንደር መመሪያ

ለትምህርት ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኖርዌይ የሚሄድ የደሴ፣ የኮምቦልቻ ወይም የወልድያ ሰው ከኦስሎና ከበርገን ወጣ ብሎ አንዲት የፊዮርድ ዳር መንደር ማየት ቢሻ፣ እኔ የምመርጥለት ኡንድረዳልን ነው። መንደሯ በምዕራብ ኖርዌይ በአውርላንድ ፊዮርድ ዳር የምትገኝ ሲሆን፣ ነዋሪዎቿ መቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ የፍየሎቿ ቁጥር ከነዋሪዎቿ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ድረስ የመኪና መንገድ ስላልነበራት ሰውም ዕቃም የሚገባው በጀልባ ነበር። አብዛኛው ጎብኚ ትልልቅ መርከቦች በሚቆሙባት በጎረቤቷ በፍሎም ዞር ዞር ብሎ ይመለሳል፤ ይህ በእኔ ግምት የሚያስቆጭ ነው።

በሐይቅ ከተማ ዳር ያደገ ሰው በተራሮች መካከል የተኛውን ውሃ ሲያይ ሐይቅ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ፊዮርድ የበረዶ ግግር በቦረቦረው ሸለቆ ውስጥ የገባ የባሕር ክንድ ስለሆነ ውሃው ጨዋማ ነው። የአውርላንድ ፊዮርድ የሚገናኘው ከሶግነፊዮርድ ጋር ሲሆን፣ እርሱ 205 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ የብስ ዘልቆ ይገባል፤ ጥልቀቱም ከ1300 ሜትር በላይ ይደርሳል። የባሕር መርከብ እስከ ተራራው ግርጌ ድረስ የሚዘልቀው ስለዚህ ነው።

የጉዞው ወቅት በጥንቃቄ ሊመረጥ ይገባል። እኛ ዘንድ ክረምቱ ሲገባ በዚያ በጋ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗም ለጎብኚ የምትከፈተው በተለይ በእነዚህ ወራት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ወቅት ለኦርቶዶክሳዊ መንገደኛ ከሰኔ ጾምና ከፍልሰታ ጋር ስለሚገጥም፣ የመንደሯን ዋና ሲሳይ አይቡን መቅመስ የሚፈልግ ሰው ጉዞውን ከሐምሌ 5 በኋላና ከነሐሴ 1 በፊት ቢያደርገው፣ ከዚያም ውስጥ ረቡዕንና ዓርብን ቢተው ይሻለዋል። ሙስሊም መንገደኛ ደግሞ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ መሆኑን አውቆ የመግሪብንና የዒሻን ሰላት አስቀድሞ ያስብበት። በመንደሯ ሐላል ሥጋ አገኛለሁ ብሎ ከመተማመን ይልቅ ከከተማ ስንቅ ይዞ መምጣት ይበጃል። ዝናብ በበጋም ስለማይጠፋ፣ ውሃ የማያስገባ ካፖርት ለሁሉም ያስፈልጋል።

ከኦስሎም ሆነ ከበርገን ሲነሡ በባቡር እስከ ሚርዳል ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወደ ፍሎም የሚወርደውን ባቡር ይይዛሉ። ይህ በ1940 እ.ኤ.አ. የተከፈተ መስመር 20 ኪሎ ሜትር ብቻ ርዝመት ሲኖረው፣ ከ866 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ 20 ዋሻዎችን አልፎ እስከ ባሕር ጠለል ይወርዳል። በመንገዱ ላይ በበጋ ክዮስፎሰን ከተባለው ፏፏቴ አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል። የጉዞ ሰሌዳውን ሲያነቡ ሰዓቱ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 እንደሚቆጠር አይዘንጉ፤ 14:30 ማለት በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። ስልክዎ የኢትዮጵያን ሰዓት እንደያዘ ከቀረም ያስተካክሉት፤ በበጋ የኖርዌይ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ከፍሎም ወደ ኡንድረዳል የሚወስደው አውራ ጎዳና ረጅም ዋሻ ውስጥ ስለሚያልፍ በእግር መሞከር አይገባም። በመኪና ወይም በአውቶቡስ ይሂዱ፤ አውቶቡሱ መንደሯ ድረስ የማይገባና ከመገንጠያው የሚያወርድ ከሆነ ግን ወደ ፊዮርዱ ቁልቁል 6 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርዎታል። ጀልባ ከመረጡ በኡንድረዳል የሚቆም መሆኑን ትኬት ሲቆርጡ ያረጋግጡ።

መንደሯ እንደገቡ በቅድሚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ይሂዱ። ዘንዶ የተቀረጸበት ጣሪያ ያለውን ታዋቂውን የቦርጉንድን ቤተ ክርስቲያን በሥዕል አይቶ የመጣ ሰው ይህችን አንድ ተራ ነጭ ቤት ናት ብሎ ሊያልፋት ይችላል። በ1147 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደተሠራች ይነገራል፤ 40 ያህል ሰው ብቻ ታስቀምጣለች፤ በስካንዲኔቪያ እስከ ዛሬ አገልግሎት ከሚሰጡት ከእንጨት ምሰሶ ከተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ትንሿ እርሷ ናት። በኖርዌይ በመካከለኛው ዘመን ከአንድ ሺህ በላይ ከነበሩት ከእነዚህ ሕንፃዎች ዛሬ የቀሩት 28 ናቸው። ዕድሜ የሰጣቸው አንዱ ብልሃት ምሰሶዎቹ መሬት ውስጥ ሳይቀበሩ በድንጋይ ላይ በተጋደመ ወፍራም እንጨት ላይ መቆማቸው ነው፤ እርጥበት ስለማያገኛቸው አይበሰብሱም። በላስታ ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ የወሎ ሰው፣ በዚያው በ12ኛው መቶ ዘመን የእኛዎቹ እንጨትን ከድንጋይ ጋር እያፈራረቁ በዋሻ ውስጥ፣ እነዚያ ደግሞ በዝናባማ አገር በውጭ እንዴት እንደሠሩበት ቆም ብሎ ቢያስተያይ ጉብኝቱ ይጣፍጥለታል። በውስጥ የተሣሉትን ሥዕሎች በእጅ አይንኩ፤ ፎቶ ከማንሣትዎም በፊት አስጎብኚውን ያስፈቅዱ።

ከዚያ በኋላ ወደ አይቡ ይሂዱ። ኡንድረዳል የምትታወቅበት የፍየል አይብ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ካልፈላ ወተት የሚሠራ ነጭ ሲሆን ሌላው ቡናማ ነው። ቡናማው የሚሠራው አይቡ ከወጣ በኋላ ከሚቀረው አጓት ነው። አጓቱ ለብዙ ሰዓታት እየተማሰለ ሲፈላ ውሃው ይተናል፤ በውስጡ ያለው የወተት ስኳር ይጠቁራል፤ በመጨረሻም ጣፋጭና ጠጣር ሆኖ ይረጋል። እኛ ለጥጃ የምንሰጠውን አጓት እንዲህ ማድረግ መቻላቸው ለአርቢዎቻችን ሊታሰብበት የሚገባ ሙያ ይመስለኛል። ሲበሉት እንደ ቂጣ አይግመጡት፤ ቶር ብዮርክሉንድ የተባለ ኖርዌጂያዊ አናጺ በ1925 እ.ኤ.አ. በፈለሰፈው መላጫ በስሱ ላጥ አድርገው በዳቦ ላይ ያኑሩት። እርጉዝ ሴት ካልፈላ ወተት ከተሠራው ትጠንቀቅ፤ ሃይማኖቱ የሚያስገድደውም ማርጊያው ከእንስሳ ጨጓራ የተወሰደ መሆን አለመሆኑን ይጠይቅ።

ጊዜ ከተረፈ ከአውርላንድ በላይ 650 ሜትር ከፍታ ላይ ወደሚገኘው ስቴጋስታይን ወደተባለው ማያ ሰገነት መውጣት ይቻላል፤ የደሴን ዳገት ለለመደ ሰው ከፍታው አያስደነግጥም። ወደ በርገን ለመመለስ ግን በመጡበት ባይሄዱ ይመረጣል። በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጠባቡ ነሮይፊዮርድ በጀልባ የሚታለፈው ወደ ጉድቫንገን ሲሄዱ ነው፤ ከጉድቫንገን በአውቶቡስ እስከ ቮስ ይሂዱ፤ ቮስ ላይ የበርገንን ባቡር ያገኛሉ።