የስልክ ዝርዝርን በፓወርሼል ማስተካከል፦ የአማርኛ ስሞች ሳይጠፉ

የምሠራው ፍኖተ ሰላም ነው። ከየቀበሌው የገበሬዎች ዝርዝር ይላክልናል፤ አንዳንዱ በፍላሽ፣ አብዛኛው በቴሌግራም። ስም፣ ቀበሌ፣ ማዳበሪያ በኩንታል፣ ስልክ። ስልኩ ላይ ሁሌም አንድ ችግር አለ። ኤክሴል እንደ ተራ ቁጥር ስለሚቆጥረው የፊቷን ዜሮ ይጥላታል፤ በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው 10 አሃዝ 9 ሆኖ ይቀራል። በእጅ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። በፓወርሼል (ትእዛዝ እየጻፋችሁ ኮምፒውተሩን የምታሠሩበት የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው) ግን የደቂቃ ሥራ ነው።

አዲስ ነገር መጫን አያስፈልግም። ፓወርሼል 5.1 ከዊንዶውስ 10ም ከ11ም ጋር አብሮ ይመጣል። ቪቢስክሪፕት የተባለውን የቆየ የማይክሮሶፍት ቋንቋ ተማሩ የሚላችሁ ሰው ይኖራል። ማይክሮሶፍት በ2023 እ.ኤ.አ. ከዊንዶውስ ቀስ በቀስ እንደሚያስወጣው አስታውቋል፤ አሁን ለሚጀምር ሰው አልመክረውም። ትእዛዞቹን እዚህ እንደ አነባበባቸው ነው የምጽፋቸው፤ ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

መጀመሪያ ፎልደሩን ኮፒ አድርጉና ኮፒው ላይ ሥሩ።

ቀጥሎ ፈቃድ ነው። ዊንዶውስ እንደተገዛ የፓወርሼል ስክሪፕት (ፋይል ውስጥ የተጻፉ ትእዛዞች) አያስኬድም። «ሴት-ኤክስኪዩሽንፖሊሲ» የሚለውን ትእዛዝ «ሪሞትሳይንድ» አድርጉት፣ ስኮፑን «ከረንትዩዘር»። አንዴ ይበቃል። «አንሪስትሪክትድ» አድርጉት የሚሉ ቪዲዮዎች አሉ። አትስሟቸው፤ ከኢንተርኔት ለወረደ ያልተፈረመ ስክሪፕት በር መክፈት ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ የፊደል ጉዳይ። እኔ የተጎዳሁት እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን ስክሪፕት ስጽፍ 27 ፋይል ነበረኝ። ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ፋይል ያነባል፣ ዜሮዋን ይጨምራል፣ በዚያው በነበረው ስም መልሶ ያስቀምጣል። አስኬድኩት፣ ምንም ስህተት አልወጣም። አንዱን ከፍቼ የስልኩን ዓምድ አየሁ፣ ሁሉም ዜሮ አለው። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ የስሙን ዓምድ ሳይ ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። አራት ፊደል የነበረው ስም አራት የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ኮፒ አልነበረኝም። የመዝገብ ቤቷ እናታችን «አይዞህ ልጄ፣ ወረቀቱን እኮ አልጣልነውም» ብለው ዶሴውን ባያወጡልኝ ኖሮ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ እሳቸው እያነበቡ እኔ ስጽፍ ነበር።

ምክንያቱ ይህ ነው። ፋይሎቹ ሲኤስቪ ናቸው፤ ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ ተራ የጽሑፍ ፋይል ማለት ነው። በ5.1 «ኢምፖርት-ሲኤስቪ» ሲያነብ ፋይሉን እንደ ዩቲኤፍ-8 (አማርኛንም የሚይዝ የፊደል ኮድ) ስለሚወስደው አማርኛውን በትክክል ያነባል። «ኤክስፖርት-ሲኤስቪ» ግን ካልነገራችሁት አስኪ በተባለው የቆየ የእንግሊዝኛ ፊደል ኮድ ነው የሚጽፈው። አስኪ ውስጥ የግዕዝ ፊደል የለም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል በጥያቄ ምልክት ይተካል። ስታስቀምጡ ሁልጊዜ «ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ8» ጨምሩበት። «ኖታይፕኢንፎርሜሽን»ም አብሮ ይግባ፤ አለዚያ አናቱ ላይ አንድ የማይረባ መስመር ይጨምርባችኋል።

ፊደል ሲበላሽ ሦስት መልክ አለው፤ ለይታችሁ እወቁት። የፓወርሼሉ መስኮት ላይ ባዶ ሳጥን ካያችሁ የፎንት ችግር ነው፣ ፋይሉ ደህና ነው። አናቱ ላይ ጭረት ያለበት ላቲን «ኤ» እየተደጋገመ ከመጣ ፋይሉ በተሳሳተ መንገድ ተነቧል፤ እያንዳንዱ ፊደላችን በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ባይት ሁሌም ያው ስለሆነ ነው የሚደጋገመው። ይህም ይድናል። የጥያቄ ምልክት ግን ፊደሉ ራሱ ጠፍቷል ማለት ነው። አይመለስም።

ስክሪፕቱም ራሱ «ስልክ» የሚል የአማርኛ ቃል ካለበት ሌላ ወጥመድ አለ። ኖትፓድ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ ቦም (ፋይሉ አናት ላይ ገብቶ የፊደል ኮዱን የሚናገር ምልክት) ነው ሴቭ የሚያደርገው። ፓወርሼል 5.1 ቦም ካላገኘ በአሮጌው ኮድ ስለሚያነበው «ስልክ» የሚለውን ዓምድ አያገኘውም። «ሴቭ አዝ» ስትሉ ከታች «ዩቲኤፍ-8 ዊዝ ቦም» የሚለውን ምረጡ። ከኤክሴል ወደ ሲኤስቪ ስትቀይሩም ከአንድ በላይ ሲኤስቪ አለ፤ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ያዙ።

ቀሪው ቀላል ነው። «ጌት-ቻይልድአይተም» ፋይሎቹን ይዘረዝራል፣ «ፎርኢች» አንድ በአንድ ይወስዳቸዋል፣ ስልኩን በ«ትሪም» ከክፍት ቦታ ታጸዱታላችሁ፣ ርዝመቱ 9 ከሆነ ፊቱ ላይ ዜሮ ትጨምራላችሁ፣ ውጤቱን ሌላ ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣላችሁ። ብዙ ሰው አሥር አሃዝ እስኪሞላ ከፊት ዜሮ በምትደረድረው «ፓድሌፍት» ያሳጥራታል። ስልክ ለሌለው ገበሬ ግን አሥር ዜሮ ትሰጠዋለች። ርዝመቱን መለካት ይሻላል።

ሲኤስቪውን ግን ሁለቴ ጠቅ አድርጋችሁ በኤክሴል አትክፈቱት፤ ዜሮዋን መልሶ ይጥላታል። ለአለቃ የሚሰጠውን የኤክሴል ፋይል ያው ስክሪፕት ይሥራው። «ኒው-ኦብጀክት» በሚለው «ኤክሴል ዶት አፕሊኬሽን»ን ታስነሳላችሁ፣ የስልኩን ዓምድ መጀመሪያ ጽሑፍ ታደርጉታላችሁ (የቁጥር ፎርማቱ ላይ የኢሜይሏን «አት» ምልክት መስጠት ነው)፣ ከዚያ ትሞሉታላችሁ። «ሴቭአዝ» ላይ ሙሉ አድራሻውንና 51 የሚለውን ቁጥር (ተራ የኤክሴል ፋይል ማለት ነው) ስጡ። ኤክሴልን የሚዘጋው «ኩዊት» ደግሞ ስህተት ቢመጣም በሚሠራው በ«ፋይናሊ» ውስጥ ይግባ፤ አለዚያ ስክሪፕቱ መሃል ላይ ከቆመ ኤክሴል ሳይታይ ከጀርባ ይቀራል፣ አንዴ ታስክ ማናጀር ውስጥ 11 ኤክሴል ተደርድሮ አግኝቻለሁ።

ኮፒውን ከማጥፋታችሁ በፊት አዲሱ ፎልደር ላይ «ሴሌክት-ስትሪንግ»ን ሦስት የጥያቄ ምልክት አስፈልጉት። «ሲምፕልማች» ጨምሩበት፤ ያለሱ የጥያቄ ምልክትን እንደ ራሱ ሕግ ስለሚቆጥረው ስህተት ይሰጣችኋል። ምንም ካላገኘ ፎልደሩን ላኩት።