«እማማ ክንፍ አወጣች?» ልጅ እንዲህ ሲጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ

እናቴ ያረፈች ሰሞን ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል፣ ንፍሮ እየዞረ ነው። ከእናቱ ጋር ከአሜሪካ ለልቅሶ የመጣው የስድስት ዓመቱ የእህቴ ልጅ አንድ እፍኝ ንፍሮ እንደጨበጠ መጣና ጆሮዬ ሥር «እማማ አሁን ክንፍ አወጣች?» አለኝ። እዚያ የሚማርበት ትምህርት ቤት አንዲት ጓደኛው አያቷ ስትሞት «መልአክ ሆነች» ተብላ ነግራዋለች። ደክሞኛል፣ እንባዬም አልደረቀም። «አዎ የኔ ጌታ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «እና አሁን የኔ አያት አይደለችም?» አለ።

መልስ አጣሁ። በኋላ አባቶችን ጠየቅሁ፣ መጽሐፍ ቅዱሱንም ገለጥኩ። እናንተም እንደኔ በችኮላ «አዎ» እንዳትሉ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ለራሳችሁ ይጥራ። በክርስትና ሰው ሲሞት መልአክ አይሆንም። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ፕሮቴስታንቱም በዚህ አይለያዩም። መላእክት ሌላ ፍጥረት ናቸው፤ አይወለዱም፣ አይሞቱም። መልአክ ማለት የተላከ ማለት ነው፣ «መልእክት» የምንለውም ከዚያው ነው። ሰው ግን ሞቶም ሰው ነው፣ ሲነሣም ሰው ሆኖ ይነሣል። ብዙዎቻችንን የሚያደናግረን ማቴዎስ 22፥30 ነው፤ በትንሣኤ ሰዎች «እንደ እግዚአብሔር መላእክት» ይሆናሉ ይላል። «እንደ» የምትለዋን አትዝለሏት። ሰዎች ጌታን የጠየቁት «ሰባት ወንድማማቾች በየተራ ያገቧት ሴት በትንሣኤ የማን ሚስት ትሆናለች?» ብለው ነው፤ የመለሰላቸውም እንደ መላእክት ማግባት የለም ብሎ ነው። ክንፍ ስለማውጣት የተነሣ ነገር የለም።

ለልጁ ስትነግሩት ከአልዓዛር ጀምሩ፣ ሉቃስ 16 ላይ ካለው። በሀብታሙ ሰው ደጅ ወድቆ ውሾች ቁስሉን የሚልሱለት ድሃ ነበር። ሲሞት መላእክት ወደ አብርሃም እቅፍ ወሰዱት። ልጁን «የወሰዱት እነማን ናቸው? የተወሰደውስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ራሱ ይለየዋል። እኔ በኋላ የእህቴን ልጅ እንዲህ አልኩት፦ «ቦሌ ስትደርስ ማን ተቀበለህ?» «አንቺ።» «ስለተቀበልኩህ አንተ እኔን ሆንክ?» ሳቀ። «እማማንም መላእክት ተቀበሏት እንጂ መልአክ አልሆነችም» አልኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ክንፍ አልጠየቀኝም።

«ታዲያ የት ናት?» መምጣቱ አይቀርም። አታድበስብሱ። ሥጋዋ መቃብር ነው፣ ሲቀበር አይቷል። የነፍሷን ነገር ደግሞ የእኛ የኦርቶዶክሶቹ ቤተ ክርስቲያን የምታስተምረው ቀላል ነው፦ ያመኑ ሰዎች ነፍስ በገነት ትቆያለች፣ ጌታ ዳግመኛ ሲመጣ ሥጋና ነፍስ ተገናኝተው ይነሣሉ፣ መንግሥተ ሰማያት የሚገባውም ያኔ ነው። ጌታ በቀኙ ለተሰቀለው ወንበዴ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» እንዳለው ንገሩት። ፍርዱ የእግዚአብሔር ስለሆነ እኛ ምሕረቱን ተስፋ አድርገን እንጸልይላታለን በሉት፤ ይህን ልጅ ከትልቅ ሰው በላይ ይረዳዋል።

አንዳንድ ቃል ግን ተጠንቀቁ። «ተኝታለች» ያላችሁት ልጅ ማታ መተኛት ይፈራል። «ሩቅ አገር ሄዳለች» ካላችሁት በር በተንኳኳ ቁጥር ይጠብቃታል። «እግዚአብሔር ስለሚወዳት ወሰዳት» ደግሞ እኔንም ቢወደኝስ የሚል ፍርሃት ያመጣል። መልአከ ሞትንም ማስፈራሪያ አታድርጉት። ታማ ሞተች፤ መጀመሪያ ይህን ንገሩት። ማታ ማታ ከፈራ ስለ ዑቃቤ መልአኩ ንገሩት፤ ማቴዎስ 18፥10 ላይ ለታናናሾቹ መላእክት እንዳሏቸው ጌታ ራሱ ተናግሯል።

ሥዕልም ይረዳል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ በስልካችሁ አሳዩት፤ ትልልቅ ዓይን ያላቸው የመላእክት ፊቶች ከነክንፎቻቸው ከላይ ሆነው ያዩሃል። ቀጥሎ የጻድቃንን ሥዕል አሳዩትና ክንፉን ይፈልግ። ልብ ያለው ልጅ «አቡነ ተክለ ሃይማኖትስ?» ማለቱ አይቀርም። ልክ ነው፣ ስድስት ክንፍ አላቸው። ግን እሳቸው ክንፉ የተሰጣቸው ደብረ ዳሞ ላይ ገመዱ ሲበጠስ፣ በሕይወት እያሉ ነው፤ በጸጋ የተሰጠ ነው እንጂ መልአክ ሆነው አይደለም።

ከሁሉም በላይ የረዳን ግን አርባዋ ነው። እህቴ አርባዋን አውጥታ ነው የተመለሰችው። ልጁን ይዘነው ሄድን፤ ጠዋት ነው፣ ብርድ ነው፣ ነጠላዬ ውስጥ ሸጉጬዋለሁ። ካህኑ ጸሎቱ መሀል «ወለተ ማርያም» ብለው ስሟን ሲጠሩ ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ናት?» «እማማ ናት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የወጣላት ስም ነው።» «አሁንም ስሟ ነው?» አለኝ። አዎ፣ አሁንም ስሟ ነው። ድንኳን ውስጥ ላጣሁት መልስ ያን ጠዋት ደረስኩበት። ስለዚህ ልጆችን ከፍትሐትና ከተዝካር አታርቋቸው፤ ሌላው ቢቀር ስሟ ሲጠራ ይስሙ። ቤታችሁ ፕሮቴስታንት ከሆነ ለሞተ ሰው ጸሎት የለም፤ ተሰብስባችሁ ስለ ሕይወቷ ስታመሰግኑ ልጁ መሀላችሁ ይቀመጥ። ቤተሰቡ ከሁለቱም ወገን ከሆነ (የብዙዎቻችን ቤት እንደዚያ ነው) ክርክሩ ልጁ በሌለበት ይሁን። ሐዘን ላይ ያለ ልጅ አክስቱና አጎቱ በሞተች አያቱ ላይ ሲጨቃጨቁ መስማት የለበትም።

ሊሄዱ ሲሉ የክርስትና ስሟን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ለመንፈቋ እዚያ ላሉት ቄስ በእጁ እንዲሰጥ። አጥፎ ጃኬቱ ኪስ ከተተና ዚፑን ዘጋው።