መኪናው በፍጥነት ላይ ሲዋልል፦ ችግርና መፍትሄ

ከሐረር የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ምንም ያልታየበት መኪና ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ በሚወስደው የክፍያ መንገድ ላይ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ መዋለል ይጀምራል። ብዙ ሰው ያን ጊዜ በቀጥታ ወደ አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫና ዝንባሌ ወደ ማስተካከል) ይሮጣል። አላይመንት ግን የመጨረሻው ሥራ ነው።

ምልክት፦ መኪናው ግራ ቀኝ ይላል፣ መሪው ፋታ አይሰጥም

መጀመሪያ የጎማውን ንፋስ በማለዳ ለኩ። በድሬዳዋ ቀትር የተለካ ያሳስታል፤ የሞቀ ጎማ ግፊቱ ስለሚጨምር ያኔ ካስተነፈሳችሁት ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ።

ቀጥሎ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ አግዱ፣ ፊቱን በክሪክ አንስታችሁ በጠንካራ መቆሚያ ላይ አሳርፉ። ጎማውን ግራና ቀኙን ይዛችሁ ስትወዘውዙት ከተንቀጫቀጨ ታይሮዱን (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ)፣ ላይና ታቹን ስትይዙ ከተነቃነቀ ቦልጆይንቱን (የጎማውን ተሸካሚ ከክንዱ ጋር የሚያያይዘውን መገጣጠሚያ) ወይም ኩሽኔታውን (ጎማው የሚዞርበትን ቤሪንግ) ጠርጥሩ። ያለቀው ይቀየር። ባለቀ ዕቃ ላይ የተሠራ አላይመንት ከጋራዡ በር አያልፍም።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ከፊት በኩል ወደ ውጭ ተከፍተው ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉ ጎማዎች መንገዱ ባነቀፋቸው ቁጥር መኪናውን ወደየራሳቸው ይስባሉ፤ የውስጥ ጠርዛቸውም ቀድሞ ያልቃል። መፍትሄው መሪውን ቀጥ አድርጎ አስሮ የሁለቱን ታይሮዶች መቆለፊያ ዳዶ ማላላት፣ ከዚያም ሁለቱንም በእኩል መጠን ማስተካከል ነው። አንዱ ብቻ ከተነካ መሪው ተጣሞ ይቀራል። ልኩ ከአምራቹ መመሪያ ይወሰድ፤ ለብዙ የቤት መኪናዎች ወይ ቀጥ ያለ ወይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ የጠበበ ነው። ይረጋጋልኛል ብላችሁ ከልኩ በላይ ብታጠቡት ጎማውን ትበላላችሁ።

የኋላ ጎማዎችም ይለኩ! ፊቱን ብቻ ለክቶ «ጨርሻለሁ» የሚል ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም። የኋላው ከጠመመ መኪናው በገደምዳሜ ይሄዳል፣ ቀጥ ባለ መንገድ ላይም መሪው ተጣሞ ይቆማል። የኋላ አክስላቸው ወጥ በሆኑ ትንንሽ መኪናዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ማስተካከያ ስለሌለ የተጣመመ አክስል ወይም ያለቀ ቦኮላ (የአክስሉ መያዣ ላስቲክ) ፈልጉ።

ምልክት፦ ወደ አንድ ጎን ይስባል

የፊት ጎማዎቹን ቦታ አለዋውጡ። የሚስብበት ጎን ከተቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው። ካልተቀየረ የአንዱ ጎን ፍሬን ይዞ እንዳይሆን ቸርኬው ከሌላው ይበልጥ መሞቁን ፈትሹ፤ ከዚያ በኋላ የጎማውን የጎን ዝንባሌ አስለኩ።

ምልክት፦ መሪው ይንቀጠቀጣል

በፍጥነት ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የባላንስ (የጎማው ክብደት ዙሪያውን እኩል ያለመሆን) ችግር ነው፤ አላይመንት አይፈታውም። ጎሚስታው ቸርኬው አለመጣመሙንም ይይላችሁ።

ምልክት፦ ከኩርባ በኋላ መሪው በራሱ አይመለስም፣ መኪናው ሲፈጥንም ይቀላል

ካስተር የሚባለው ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ ቀንሶ ሊሆን ይችላል። ከኋላ የተከመረ ጭነትም ፊቱን አንስቶ መሪውን ያቀላል፤ ስለዚህ መኪናው ባዶውን ይሞከር። ከመሬት ከፍ እንዲል ያስደረጋችሁትም ከሥራው በኋላ አላይመንት ካላሠራችሁ ልኩ ተዛብቷል።

ስትጨርሱ ከማሽኑ ላይ ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት የያዘ ወረቀት ጠይቁ፤ የአራቱም ጎማዎች ቁጥር ይኑርበት።