አሜሪካዊ ወደ ሰሜን ኮሪያ ኮበለለ ሲባል ወሬውን እንዴት እንስማው?

እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ አስተያየት ሰጪው ለጉድ ነው። ሐምሌ 2023 (ቀኑን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ትራቪስ ኪንግ የሚባል የ23 ዓመት የአሜሪካ ወታደር ከጎብኚዎች ጋር ተቀላቅሎ ሁለቱ ኮሪያዎች ድንበር ላይ ፓንሙንጆም ድረስ ሄደና በድንገት እየሳቀ ሮጦ ተሻገረ። አንዳንዶቹ ጎብኚዎች መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሳይመሽ ግን ፍርዱ ወጣ። አንዱ ከሃዲ አለው፣ አንዱ ሰላይ፣ አንዱ ደግሞ ለይቶለታል አለ።

እኔ መጀመሪያ የማየው ግሱን ነው። "ከዳ" ካላችሁ ፈርዳችሁ ጨርሳችኋል። "ኮበለለ" ይሻላል፣ ምክንያቱን ክፍት ይተዋል። (በደርግ ጊዜ እገሌ ኮበለለ ሲባል መንገዱ ወደ ምዕራብ ነበር፣ ዓለም እንዲህ ነች።)

ወዴት እንደሄደ ሁሉም ያወራላችኋል፤ እናንተ ከምን እንደሸሸ ፈልጉ። ኪንግ ደቡብ ኮሪያ ሁለት ወር ገደማ ታስሮ ገና መፈታቱ ነበር። ቴክሳስ ሲደርስ የጦሩ ቅጣት ይጠብቀዋል። ኤርፖርት ድረስ ሸኝተውት ነው ሹልክ ያለው። በ1965 የተሻገረው የአሜሪካ ጦር ሳጅን ቻርልስ ጄንኪንስም ቬትናም እንዳይልኩት ፈርቶ፣ ዐሥር ቢራ ጠጥቶ፣ በሌሊት ነው የሄደው። እዚህ ውስጥ ርዕዮተ ዓለም ብትፈልጉ አታገኙም፤ መውጫ የጠፋው ወጣት ነው ያለው።

ማን እንደሚናገርለትም ልብ በሉ። ከአንድ ወር በኋላ የፒዮንግያንግ ዜና አገልግሎት ኪንግ በጦሩ ውስጥ በደረሰበት በደልና ዘረኝነት ተማሮ መምጣቱን አወጀ። አሜሪካ ውስጥ ዘረኝነት አለ፣ ማን ይክዳል? ግን ይህ የአሳሪው ቃል ነው፤ ልጁ ሲናገር የሰማ ጋዜጠኛ አልነበረም። እናቱ ልጄ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላስብም አሉ። የጄንኪንስ ዘመዶችም ማርከውት ነው እንጂ በፈቃዱ አልሄደም ብለው ለዓመታት ተሟግተዋል። ዘመድ ቢሳሳትም አትሳቁበት።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ከባዱ ይሄ ነው። ጄንኪንስ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው እዚያው ከረመ፣ እንግሊዝኛ አስተማረ፣ በፊልም ክፉ አሜሪካዊ ሆኖ ተወነ። በ2004፣ በ64 ዓመቱ፣ ጃፓን ባለ የአሜሪካ የጦር ሰፈር ቀረበና ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ፤ እንደ ሳጅን። የተፈረደበት 30 ቀን እስር ነው። ያኔም ቅጣቱን በልቷል የሚልና በጭራሽ የማይምረው ጎራ ለይቷል።

ኪንግን ደግሞ በ71 ቀኑ ሰሜን ኮሪያዎቹ ራሳቸው አባረሩት። መስከረም 2024 ላይ ጦሩን ጥሎ በመጥፋትና በሌሎች ክሶች ጥፋተኛነቱን አመነ፤ አንድ ዓመት ተፈረደበት፣ አብዛኛውን ታስሮ ስለነበር ተለቀቀ። እንዲህ ያለ ዜና ስትሰሙ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ያዙ፣ ከዓመት በኋላ የሰውየውን ስም ፈልጉት። ያን ቀን ሰላይ ነው ያሉት ሲለቀቅ ምን እንዳሉ እኔ ፈልጌ ነበር፤ ዝም ብለዋል።